ኬናው ፓርክ፣ ሁለት ሴቶች፣ እና ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ

"ቲቸር ፈረንጅ አገር ሄዶ አንድ ፎቶ እንኳን የለም?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጨቀጭቁኝ ከርማችኋል። ፎቶ ማንሳት አልችልበትም፤ ያነሳሁት ሁሉ ጣቴ ገብቶበታል። በምትኩ ይህን ጻፍኩ። ረዘም ይላል። ደወል ከተደወለ በኋላም እንደማወራ ታውቃላችሁ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጁ ነው የምጠቅሰው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

እህቴ ሆላንድ ከገባች 14 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ "መጥተህ እየን" አለችኝ፣ ቪዛውም በስንት ምልልስ ተገኘ፣ ሄድኩ። የምትኖረው ሃርለም በምትባል ከተማ ነው፤ ከአምስተርዳም በባቡር ብትነሱ ሳትቀመጡ ትደርሳላችሁ። ሥራዋ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሥራ እስክትወጣ ድረስ የ13 ዓመት ልጇ "ጋሼ ና፣ እዚህ እንጠብቃት" ብላ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ይዛኝ ገባች። (አንተ ነው የምትለኝ። እናቷ ትቆጣታለች፣ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።)

ትንሽ ነው ስላችሁ የእውነት ትንሽ ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሣር፣ ያረጁ ትላልቅ ዛፎች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ዙሪያውን ደግሞ የድሮ ሀብታሞች ቤት። የጥንቱ የከተማ ግንብ ፈርሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአትክልት ቦታ የተደረገ ሥፍራ ነው። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ታንሸራሽራለች፣ ሁለት ወጣቶች ሣሩ ላይ ተኝተው ስልካቸውን ይነካካሉ። በቃ ይኸው ነው።

"ስሙ ማነው?" አልኳት።

"ኬናው ፓርክ" አለችና ሳቀች።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"ኬናው ስድብ ነዋ! ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ አዛዥ ስትሆን፣ እንደ ወንድ ስትሆን፣ ኬናው ይሏታል።"

እንዴ! ስድብን መናፈሻ አድርጎ የሚሰይም ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ኬናው ማን ናት ብዬ ስጠይቅ "ከስፔን ጋር የተዋጋች ጀግና ናት፣ 300 ሴቶች ይዛ" አለችኝ፣ ልክ የምሳ ሰዓት እንደሚነገር ነገር። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። የቀረኝን ሳምንት በሙሉ ስለዚህች ሴትዮ ሳነብ፣ ልጅቷን ሳስተረጉም፣ እህቴን ሳሰለች ከረምኩ።

ነገሩ የሆነው በ1572 እና 73 ነው። በእኛ አገር አፄ ሠርፀ ድንግል የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ሆላንድ ያኔ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፤ የስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊፕ ግዛት ናት። ንጉሡ ካቶሊክ፣ አገሬው ውስጥ ደግሞ የካልቪን ትምህርት የሚከተል ፕሮቴስታንት በየቀኑ ይበዛል። በዚያ ላይ ግብር። ንጉሡ የአልባ መስፍን የሚባለውን ጨካኝ የጦር ሰው ላከባቸው። በ1572 ኤፕሪል "የባሕር ለማኞች" የሚባሉ አማጽያን አንዲት የወደብ ከተማ ያዙ፣ ከዚያ ወዲያ ከተማ በከተማ ላይ ተነሳ። ሃርለምም ከአማጽያኑ ጋር ሆነች።

መስፍኑ ልጁን ዶን ፋድሪክን ከነጦሩ ሰደደው። ዶን ፋድሪክ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ናርደን የምትባል ትንሽ ከተማ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። ቀጥሎ ተረኛዋ ሃርለም ነበረች። አንዳንዶቹ ሹማምንት ሽማግሌ ልከው መታረቅ ፈልገው ነበር፤ የከተማዋ ጦር አዛዥ ሪፐርዳ ግን የናርደንን ዕጣ አስታውሶ ሕዝቡን ለውጊያ አሳመነ። ከበባው ተጀመረ፤ ሰባት ወር ፈጀ።

እስቲ አስቡት። ዙሪያው ተከቧል። ክረምት ነው፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለው ትልቅ ሐይቅ ረግቶ በረዶ ሆኗል። ያ በረዶ ነው መጀመሪያ ላይ ያዳናቸው፤ ስንቅና ባሩድ በተንሸራታች ጋሪ በረዶው ላይ እየተጎተተ ይገባ ነበር። ቀን የስፔን መድፍ ግንቡን ይንዳል፣ ሌሊት ሕዝቡ የተናደውን ይሞላል። ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ አይባልም፣ አፈር የሚሸከም ሁሉ ይሸከማል። በረዶው ሲቀልጥ ግን ሐይቁ ለመርከብ ተከፈተ፣ ሜይ ላይ የስፔን ወገን መርከቦች አሸንፈው ሐይቁን ያዙት። ከዚያ በኋላ ረሃብ ነው። ጁላይ ላይ ሊያድናቸው የመጣው የወገን ጦርም መንገድ ላይ ተመታ። ጁላይ 13 ቀን 1573 ከተማዋ እጇን ሰጠች። ነዋሪው 240,000 ጊልደር ከፍሎ ከዝርፊያ ተረፈ። ወታደሩ ግን አልተረፈም፤ ከሺህ በላይ ሰው ገደሉ፣ ሪፐርዳንም አንገቱን ቀሉት። ገዳዮቹ ሰይፍ ሲደክማቸው የቀሩትን ሁለት ሁለቱን ጀርባና ጀርባ እያሰሩ ስፓርነ ወንዝ ውስጥ ጣሏቸው። ያን ወንዝ በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፤ ዳር ዳሩን ሰው ቡና ይጠጣል።

ኬናው የት ገባች? ሙሉ ስሟ ኬናው ሲሞንስዶኽተር ሃሰላር ነው። በ1526 የተወለደች፣ መርከብ ሠሪ ባሏ የሞተባት፣ ሥራውን ራሷ ይዛ እንጨት የምትነግድ ሴት። በከበባው ጊዜ ዕድሜዋ ወደ 47 ነው፤ ልጆች አሏት። የሚተረከው ታሪክ 300 ሴቶች ሰብስባ፣ ጦርና ጎራዴ አስታጥቃ፣ ግንብ ላይ ወጥታ የሚፈላ ዝፍት በስፔኖች ላይ እየደፋች ተዋጋች የሚል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ይህንኑ የሚያሳይ ግዙፍ የቀለም ቅብ ተሠርቶላታል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊትም እሷና ሪፐርዳ አንድ ላይ ቆመው ሐውልት አላቸው።

መዛግብቱ የሚሉት ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን ስለ ከበባው የጻፉ ሰዎች ስሟን ያነሳሉ፣ ይህ እውነት ነው። የሚሉት ግን ግንቡ ሲጠገን ቀን ከሌሊት አፈር ስትሸከም የነበረች፣ አንደበቷም የማይፈራ ሴት እንደነበረች ነው። 300ው ሴት፣ ጎራዴው፣ ያ ሁሉ እየቆየ የተጨመረ ነው። የከተማዋ መዝገብ ውስጥ በብዛት የምትገኘው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው! ለሸጠችው እንጨት ገንዘቤን አምጡ እያለች ባለዕዳ የምትከስ ነጋዴ። ከከበባው በኋላ ከተማዋን ለቃ ወጣች፤ በ1574 አርነማውደን በምትባል ሌላ ከተማ የመመዘኛ ቤት ኃላፊና ለማገዶ በሚሸጠው የረግረግ አፈር ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች። በዚያ ዘመን ሴት እንዲህ ያለ ሹመት ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ ሃርለም ተመለሰች፤ በ1588 እንጨት ልትገዛ ወደ ኖርዌይ በመርከብ ሄደች፣ አልተመለሰችም። የባሕር ሽፍቶች ገደሏት ይባላል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ጎራዴውን ወድጄው ነበር። ከዚያ ግን ሳስበው አፈር የምትሸከመዋ ይበልጥ አስደነቀችኝ። ጎራዴ ይዞ ግንብ ላይ መቆም የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ሰባት ወር በረሃብ፣ በብርድ፣ በጨለማ አፈር መሸከም ግን ሌላ ነው። ያን ያደረጉት ደግሞ 300 ብቻ አይደሉም፤ የከተማው ሴት በሙሉ ነው። የአንዷ ስም ተረፈ፣ እሱም ስድብ ሆኖ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ቤቴ የመጣው።

ከስድስት ዓመት በፊት ይመስለኛል፣ የአምስቱን ዓመት የጣሊያን ወረራ ሳስተምር ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ላይ ደረስኩ። የማታውቁ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኛው ገንዘብና ጥይት፣ ወሬም ጭምር ሲያቀብሉ የነበሩ የውስጥ አርበኛ ናቸው። ጣሊያን ይዞ አሠቃያቸው፣ አዚናራ የምትባል የእስረኞች ደሴት ድረስ ወስዶ አሰራቸው። ሲመለሱም አላረፉም። ቀጥዬ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን አነሳሁ፤ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ የራሳቸውን ጦር ይዘው በረሃ የወረዱትን። በስሜት ነበር የማስተምረው፣ ታውቁኛላችሁ፣ ጠመኔ ይሰበርብኛል። እና ምን አልኩ? "እነዚህ ሴት አይምሰሏችሁ፣ ወንድ ነበሩ!"

ክፍሉ ሳቀ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሴት ሆነው አይደል እንዴ የሠሩት? ለምን ወንድ እንላቸዋለን?"

እኔ ደግሞ የምመልሰው ሳጣ የማደርገውን አደረግኩ። "አባባል ነው፤ ለክብር ነው። ተቀመጪ።" ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን ስታወጣ አላየሁም። ፈተናዋን ጥሩ ሠርታ አለፈች፣ ሄደች። ጥያቄዋ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ሆላንዶቹ ኬናውን ስድብ አደረጓት፤ "ወንዳወንድ" ብለን እንደምንሰድበው ማለት ነው። እኛ ደግሞ "ወንድ ናት" ብለን እናመሰግናለን። አንዱ ስድብ አንዱ ምስጋና ይምሰል እንጂ የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ጀግንነትን የወንድ ዕቃ አድርገን ቆጥረን ሴቷ ስትይዘው ከየት አመጣሽው እንላታለን። ወንድ ሲፈራ "ሴት" ብለን እንደምንሰድበው አስታውሱ። ይህን ለማወቅ ሆላንድ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም ነበር፣ የ17 ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ነግራኛለች።

ወደ መናፈሻው ልመለስ፤ ሁለተኛዋ ሴት ቀርታለች።

ኬናው ፓርክ ውስጥ አንድ የነሐስ ሐውልት አለ። የሴት ምስል ነው። የኬናው መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። የቆመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚን ለተዋጉ ሴቶች ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ለሃኒ ስኻፍት። በ1982 የመረቀችው የቀድሞዋ ንግሥት ዩሊያና ናት። ሐውልቱን የሠራችው ትሩስ የምትባል ቀራፂ ስትሆን፣ ቀራፂ ከመሆኗ በፊት የሃኒ የትግል ጓደኛ ነበረች። ይህን ሳውቅ ተመልሼ ሄጄ ሐውልቱን እንደገና አየሁት። የሞተችውን ጓደኛ ዕድሜ ልክ ተሸክሞ በመጨረሻ በነሐስ ማቆም ምን ይመስል ይሆን?

ሃኒ እዚያው ሃርለም በ1920 ተወለደች። አምስተርዳም ሕግ ስታጠና ናዚዎች አገሯን ያዙ። አይሁድ ጓደኞች ነበሯት፤ እነሱን ለመደበቅ የሌላ ሰው መታወቂያ ትሰርቅላቸው ጀመር። እንዲህ ነው የገባችበት፣ በሽጉጥ አይደለም። በ1943 ተማሪው ሁሉ ለወራሪው ታማኝ ነኝ ብሎ እንዲፈርም ሲታዘዝ አልፈርምም ብላ ትምህርቷን ጣለች፣ የታጠቀውን የተቃውሞ ቡድን ተቀላቀለች። ከትሩስና ከታናሽ እህቷ ከፍሬዲ ጋር የተገናኘችው እዚያ ነው። ፍሬዲ ሥራውን ስትጀምር ገና ልጅ ነበረች፤ ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ በብስክሌት ስታልፍ ማን ይጠረጥራታል? መልእክት ያደርሳሉ፣ መሣሪያ ያመላልሳሉ፣ ልጆች ይደብቃሉ። ባንዳና የናዚ ሹማምንትንም ተኩሰው ይገድላሉ።

ይህን የመጨረሻውን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሃያዎቹን እንኳ ያልጨረሱ ሴቶች ናቸው። እህትማማቾቹ ዕድሜ ልካቸውን ያ ነገር ሲከብዳቸው እንደኖሩ ተናግረዋል። ግን ድንበርም ነበራቸው። አንድ ጊዜ የናዚው አገረ ገዥ የዛይስ ኢንክቫርትን ልጆች ጠልፋችሁ በእስረኛ እንለውጥ፣ ካልሆነ ይገደላሉ የሚል ትእዛዝ መጣላቸው። ሦስቱም እምቢ አሉ። ልጅ አንነካም አሉ። ወዳጆቼ፣ ስንት ዓይነት ታጣቂ ባለፉት ዓመታት አየን፤ ይህን ቦታ ስታነቡ ትንሽ ቆም በሉ።

በ1944 ጁን ላይ አብሯት የሚዘምተው ያን ቦነካምፕ አንድ የፖሊስ ሹም ሲገድል ራሱም ቆሰለና ተያዘ። ሊሞት ሲል ወዳጅ በመሰሉት ሰዎች ተታሎ ስሟን ተናገረ። ጀርመኖች እናትና አባቷን ይዘው ካምፕ አስገቡ፤ በኋላ ቢፈቷቸውም እሷን አላገኙም። ሃኒ በሰፈሩ የምትታወቀው በቀይ ፀጉሯ ነበር፤ ጥቁር ተቀባች፣ መነጽር አደረገች፣ ቀጠለች። በ1945 ማርች 21 ቀን እዚያው ሃርለም አንድ ኬላ ላይ ፈተሿት። ቦርሳዋ ውስጥ የተከለከለ ጋዜጣና ሽጉጥ ተገኘ። እስር ቤት እያለች ቀለሙ እየለቀቀ ከሥሩ ቀዩ ፀጉር ሲወጣ ማን እንደሆነች አወቁ።

ኤፕሪል 17 ቀን ወደ ባሕሩ ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታ ወስደው ረሸኗት። 24 ዓመቷ ነበር። ከገዳዮቿ አንዱ የገዛ አገሯ ሰው ነው። እኛ ባንዳ የምንለው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሆላንድ ነፃ የወጣችበት ቀን ብለው የሚያከብሩት ሜይ 5 ነው፤ ሃኒ ከተገደለች ከ18 ቀን በኋላ። ሜይ 5 በእኛ ስንት ነው? ሚያዝያ 27! የእኛ የአርበኞች ቀን! ዓመቱ ይለያያል፣ የእኛ 1933 ዓ.ም. ነው፣ የእነሱ በእኛ አቆጣጠር 1937። ግን ቀኑ አንድ ነው። ለእህቴ ልጅ ስነግራት "እና እናንተም በዚያ ቀን ትምህርት የላችሁም?" ነው ያለችኝ። ለእሷ ዋናው እሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በእነዚያ ኮረብታዎች ውስጥ ከተገኙት ከ400 በላይ አስከሬኖች የሴት አንድ ብቻ ነበር፤ የሃኒ። በኖቬምበር 1945 ንግሥት ቪልሄልሚና ባለችበት በክብር ተቀበረች። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ቡድኗ ከኮሙኒስቶች ጋር ይሠራ ስለነበር፣ ከዚያም ምሥራቅና ምዕራብ ሲፋጠጡ፣ ስሟ ለመንግሥት እሾህ ሆነ። በ1951 በሺህ የሚቆጠር ሰው መቃብሯ ጋ ሊያስባት ሲሄድ ሰልፉ ተከልክሎ መንገዱን ወታደር በብረት ለበስ ዘጋው። ንግሥት የቀበረቻት ልጅ ስድስት ዓመት ሳይሞላ መቃብሯ ተከለከለ። ትሩስና ፍሬዲም በመንግሥት ደረጃ የጦርነት ሜዳይ የተሰጣቸው በ2014 ነው፤ ሁለቱም 90 ዓመት ገደማ ሆኗቸው።

በመጨረሻው ምሽት ይህን ሁሉ እራት ላይ ስተርክ፣ የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ በእኛ ቤተሰብስ ጀግና ሴት የለችም?" አለችኝ።

አለች። ቅድመ አያታችን መንዝ ውስጥ በጣሊያን ጊዜ ለአርበኛ ስንቅ ታደርስ ነበር፤ በሌሊት፣ ልጅ አዝላ፣ ገደል ገደሉን። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ታሪኩ ሲነገር መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እሷ እኮ ወንድ ነበረች።"

"ስሟ ማነው?" አለች ልጅቷ።

እህቴን አየኋት፣ አየችኝ። የባሏን ስም እናውቃለን። የወንድ ልጆቿን ስም እናውቃለን። እሷን "ትልቋ እናት" ነበር የምንላት። እኔ ስለ ኬናው የእንጨት ዕዳ ሳይቀር አጥንቼ፣ የራሴን ቅድመ አያት ስም አላውቅም! እዚያው ለእናቴ ደወልን። እናቴም ጠፋባት፤ "ቆይ አክስቴን ልጠይቅ" አለች። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የክርስትና ስሟንም፣ የዓለም ስሟንም ነገረችኝ።

እዚህ አልጽፈውም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ነው የምጽፈው።

አንቺ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበርሽው፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ጥያቄሽ ልክ ነበር። ያኔ መልስ ስላልነበረኝ ነው ያስቀመጥኩሽ። ይቅርታ። አንድ ቀን ወደ ከተማችን ከመጣሽ ክፍል ውስጥ እንድትገቢልኝ እፈልጋለሁ።

ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለች አያት ወይም ቅድመ አያት ካለቻችሁ ዛሬውኑ ቤት ደውላችሁ ስሟን ጠይቁና ከታች ጻፉልኝ። የባሏን አይደለም፣ የራሷን። ፎቶ ፎቶ ያላችሁኝም አንዱን ለጥፌላችኋለሁ፤ በግራ በኩል የሚታየው ጣቴ ነው።